ወረርሽኝ ባለበት ጊዜ ወደ ውጭ አገር ስትጓዙ የመዳረሻውን ሕክምና እንዴት ትመዝናላችሁ? ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚነሱ መንገደኞች ዝርዝር መመሪያ

ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ወደ ጅዳ፣ ወደ ዱባይ፣ ወደ ዴልሂ ወይም ወደ ኢስታንቡል የሚነሳ ሰው ወረርሽኝ ሲኖር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ «እዚያ ሕክምናው ጥሩ ነው?» መልሱ «አብሽር፣ የእነሱ ሕክምና እኮ ሌላ ነው» ይሆንና ቲኬት ይቆረጣል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አገሩ ጥሩ ሆስፒታል አለው ማለት እናንተ በታመማችሁበት ሳምንት፣ በያዛችሁት ገንዘብና ወረቀት ያ ሆስፒታል ይቀበላችኋል ማለት አይደለም። መመዘን ያለባችሁ የአገሩን ስም ሳይሆን እናንተ የምትገቡበትን በር ነው። ደረጃዎቹን በተራ ሂዱባቸው፤ አንደኛውንና አራተኛውን በፍጹም አትዝለሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት የምታዘጋጁት

- ቢያንስ የአንድ ወር ጊዜ። ክትባት፣ የኢንሹራንስ መልስና የሆስፒታል ደብዳቤ በሳምንት ውስጥ አይሟሉም።
- አንድ ደብተር። የጠየቃችሁትን ሰው ስም፣ ቀኑንና የሰጣችሁን መልስ የምትጽፉበት።
- እንግሊዝኛ ወይም አረብኛ አንብቦ የሚያስረዳችሁ የቤተሰብ አባል ወይም ጎረቤት። ትኬት ሻጩና ደላላው ለዚህ ሥራ አይሆኑም፤ ጉዞው እንዲሳካ የሚፈልጉት ለራሳቸው ጥቅም ነው።
- በጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ። ከትላልቅ መድኃኒት ቤቶች ይገዛል።

ደረጃ 1፦ አስቀድማችሁ ራሳችሁን መዝኑ

አንድ ሆስፒታል ለሃያ አምስት ዓመት ጤናማ ወጣት በቂ ሆኖ ለስኳር ሕመምተኛ አባት ጭራሽ የማይበቃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በአንድ ገጽ ላይ እነዚህን ጻፉ፦ ዕድሜ፣ ያለባችሁ ሕመም፣ የምትወስዱት መድኃኒት ከነመጠኑ፣ የማይስማማችሁ መድኃኒት፣ የተደረገላችሁ ቀዶ ሕክምና፣ እርግዝና ካለ ወሩ፣ የደም ዓይነት።

ከዚያ ገጹን ይዛችሁ የሚከታተላችሁ ሐኪም ዘንድ ቅረቡና ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። አንደኛው፦ «ወረርሽኙ ቢይዘኝ ወደ ከባድ ደረጃ የመሄድ ሥጋቴ ምን ያህል ነው?» ሁለተኛው፦ «ወረርሽኙ ባይዘኝ እንኳ ያለብኝ ሕመም ቢነሳ በስንት ሰዓት ውስጥ ምን ዓይነት ሕክምና ማግኘት አለብኝ?» ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሆስፒታሎች በወረርሽኝ ሲሞሉ የኩላሊት እጥበት የሚያስፈልገው፣ ምጥ የያዛትና የልብ ሕመምተኛው አብረው ይጎዳሉ።

*በቤታችሁ ሳላችሁ ኦክስጅናችሁን ለኩ።* ይህ ለእኛ ለደጋ ሰዎች የተለየ ትርጉም አለው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ በመሆኑ ጤናማ ሰው ሲለካ መሣሪያው ከ95 በመቶ በታች ሊያነብ ይችላል። ያው ሰው ባሕር ዳርቻ ላይ ወዳለችው ጅዳ ወይም ዱባይ ሲወርድ ንባቡ ከፍ ማለት አለበት። ደሴ ላይ 93 አይታችሁ ከለመዳችሁ፣ ጅዳ ላይ 93 ስታዩ «የተለመደው ነው» ብላችሁ እንዳትተኙ፤ እዚያ ምልክቱ የሕመም ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው፦ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ እረፉ። የደሴ ብርድ ጣት ያደነዝዛልና እጃችሁን አሙቁ፤ የቀዘቀዘ ጣት የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። የጥፍር ቀለም፣ ሂና ወይም እንሶስላ የሌለበትን ጣት ምረጡ። ቁጥሩ እስኪረጋ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁና ጻፉ። ለተከታታይ ቀናት ጠዋትና ማታ ደጋግሙት። የእናንተ መነሻ ቁጥር ይህ ነው።

*ችግር ከገጠመ፦* ንባቡ በየጊዜው በብዙ የሚለያይ ከሆነ መሣሪያውን በጤናማ የቤተሰብ አባል ጣት ላይ ሞክሩት። እሱም ላይ ከዘለለ መሣሪያውን መልሱ። እናንተ ላይ ብቻ ዝቅ ካለ ጉዞውን ትታችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ደረጃ 2፦ በየትኛው በር እንደምትገቡ ለዩ

*ለሥራ የምትሄዱ።* በራችሁ አሠሪያችሁ ነው። ውሉን አንብባችሁ ወይም አስነብባችሁ የሕክምና ኢንሹራንስ መኖሩን፣ የትኛው ክሊኒክ እንደሚቀበለው፣ ስትታመሙ የሕመም ፈቃድ እንዳላችሁና ሐኪም ዘንድ የሚወስዳችሁ ማን እንደሆነ አረጋግጡ። የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት እ.ኤ.አ. መጋቢት 30 ቀን 2020 የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ጨምሮ ለማንኛውም የኮቪድ ሕመምተኛ ሕክምና በነፃ እንዲሰጥ አዝዞ ነበር። ትእዛዙ መልካም ነው። ነገር ግን ከቤት የምትወጣው አሠሪዋ ስትፈቅድ ብቻ የሆነች፣ ስልኳ የተወሰደባት ልጅ በዚያ ትእዛዝ ምን ትጠቀማለች? ስለዚህ ልጃችሁን ወይም እህታችሁን ስትሸኙ «ነፃ ሕክምና አለ» በሚለው አትጽናኑ። አሠሪዋን ሳትጠይቅ ልትደውልበት የምትችለውን ቁጥር በቃሏ እንድትይዝ አድርጉ።

*ለሐጅና ለዑምራ የምትሄዱ።* በራችሁ የጉዞ አዘጋጁና ቪዛው ላይ የተያያዘው ኢንሹራንስ ነው። የኢንሹራንሱን ወረቀት ግልባጭ ሳትቀበሉ ክፍያ አትጨርሱ። አስተናጋጁ አገር በወረርሽኝ ጊዜ ደንቡን እንደሚቀይርም ዕወቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ሐጅ ያደረጉት በዚያው አገር የሚኖሩ ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ በ2022 ደግሞ ከ65 ዓመት በታች ለሆኑና ክትባት ለወሰዱ ብቻ ተፈቅዶ ነበር። አባታችሁ 67 ዓመታቸው ከሆነ በእንዲህ ዓይነት ዓመት ገንዘቡ የሚመለስበትን ሁኔታ በጽሑፍ ተቀበሉ።

*ለሕክምና የምትሄዱ።* ሆስፒታሉን መርጣችኋል፤ ያልመረጣችሁት ግን ሌላ ሆስፒታል አለ። ወረርሽኙ ቢይዛችሁ ቀጠሮ የሰጣችሁ ሆስፒታል ሳይቀበላችሁ ወደ ሌላ ሊልካችሁ ይችላል። ሁለቱንም መዝኑ።

*ለንግድና ለዘመድ ጥየቃ የምትሄዱ።* ማንም አይጠብቃችሁም። ኢንሹራንሱም ሆስፒታሉም የራሳችሁ ሥራ ነው።

ደረጃ 3፦ የአገሩን ዝና ከወቅቱ አቅም ለዩ

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 የወጣው የዓለም የጤና ደኅንነት መለኪያ 195 አገሮችን መዝኖ አሜሪካን አንደኛ አድርጓት ነበር። በወራት ውስጥ ኮቪድ መጣ፤ እስከ 2022 አጋማሽ አሜሪካ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው አጣች። የሰሜን ጣሊያን ሎምባርዲያ በአውሮፓ ሀብታም ከሚባሉ ግዛቶች አንዷ ናት፤ በመጋቢት 2020 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎቿ ሞልተው ነበር። ዴልሂ ከኢትዮጵያ ጭምር ሕመምተኞች የሚጎርፉባቸው ስመ ጥር የግል ሆስፒታሎች አሏት፤ በሚያዝያና በግንቦት 2021 ግን ከእነዚሁ አንዳንዶቹ «ኦክስጅን አለቀብን» እያሉ በአደባባይ ይማጸኑ ነበር። ሐኪሞቹ አልተቀየሩም፤ የሕመምተኛው ብዛት ከአቅሙ በለጠ። የደረጃ ሰንጠረዥ ይህን አያሳያችሁም።

ስለዚህ የምታዩት ይህን ነው፦

1. ወደምትሄዱበት *ከተማ* የሚወጣውን የሆስፒታል ገቢ ሕሙማን ቁጥር ተከታተሉ። ለሦስት ሳምንት አቅጣጫውን ተመልከቱ፤ እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ? የጽኑ ሕሙማን ክፍል መሙላት ከአዲስ ተጠቂዎች ቁጥር ቀናትና ሳምንታት ዘግይቶ ይመጣል፤ ዛሬ ተጠቂው ከበዛ ክፍሉ የሚሞላው እናንተ ስትደርሱ ነው።
2. የዓለም ጤና ድርጅት ስለ በሽታ ወረርሽኞች የሚያወጣውን ማስታወቂያና የመዳረሻችሁን ጤና ሚኒስቴር ገጽ እዩ። በአገር ውስጥ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትን በ8335፣ ጤና ሚኒስቴርን በ952 ደውላችሁ ጠይቁ።
3. እዚያው ከተማ የሚኖር ሰው ጠይቁ። «ሁኔታው እንዴት ነው?» አትበሉት፤ «ባለፈው ወር ከምታውቁት ሰው ሆስፒታል የሄደ አለ? ስንት ሰዓት ጠበቀ? ስንት ከፈለ?» በሉት።

*ማስጠንቀቂያ፦* ከመቶ ተጠቂ ስንቱ ሞተ የሚለውን ቁጥር አገር ከአገር ለማወዳደር አትጠቀሙበት። ብዙ የሚመረምር አገር ቀላል ሕመምተኞችንም ስለሚቆጥር ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ጥቂት የሚመረምር ከባዱን ብቻ ስለሚቆጥር ከፍ ይላል፤ ሟቹን ሳይመዘግብ የሚቀር ደግሞ ጭራሽ ደኅና ይመስላል።

ደረጃ 4፦ በሩን አንኳኩ

በመዳረሻችሁ ከተማ ሁለት ሆስፒታል ምረጡ፤ አንድ የግል፣ አንድ የመንግሥት። ለምታርፉበት ቦታ የቀረቡ ይሁኑ።

*የዕውቅና ምስክር ወረቀቱን አረጋግጡ።* ብዙ ሆስፒታሎች ጄሲአይ የተባለው ዓለም አቀፍ ተቋም የሚሰጠውን ወርቃማ ማኅተም ገጻቸው ላይ ይለጥፋሉ። በሆስፒታሉ ገጽ ላይ አትመኑ፤ በራሱ በተቋሙ ገጽ ላይ በአገርና በከተማ ፈልጉት። አድራሻውንም አመሳክሩ፤ አንድ ስም ያላቸው ብዙ ቅርንጫፎች አሉ፣ ዕውቅናው ግን ለየቅርንጫፉ ነው። የሚያገለግለው ለሦስት ዓመት ስለሆነ ጊዜው ማለፉንም እዩ። በሕንድ ኤንኤቢኤች፣ በሳዑዲ ደግሞ ሲባሂ የሚባሉ የየአገሩ መዛኞች አሉ። ይህ ሁሉ የሆስፒታሉን አሠራር ይነግራችኋል፤ ዛሬ ባዶ አልጋ መኖሩን ግን አይነግራችሁም። ለእሱ ደውሉ።

*እነዚህን ጠይቁ፦*

1. ከውጭ አገር የመጣና የወረርሽኙ ምልክት የታየበት ሰው እናንተው ታክማላችሁ ወይስ ወደተመደበ ሆስፒታል ትልካላችሁ? ወደ የትኛው?
2. የጽኑ ሕሙማን ክፍላችሁ ቢሞላ ሕመምተኛውን የት ታደርሱታላችሁ? በማን አምቡላንስ?
3. ኦክስጅን በግቢያችሁ ታመርታላችሁ ወይስ በሲሊንደር ይመጣላችኋል?
4. በወረርሽኙ ምክንያት ያቋረጣችሁት አገልግሎት አለ? (በደረጃ 1 የጻፋችሁትን ሕመም በስሙ ጥቀሱ።)
5. ለመተኛት ቅድመ ክፍያ ስንት ነው? የእኔን ኢንሹራንስ በቀጥታ ትቀበላላችሁ ወይስ ከፍዬ ነው የማስመልሰው?
6. አስታማሚ መግባት ይችላል? አስተርጓሚስ አለ?

ሁለት ጊዜ ደውሉ፤ አንዴ በሥራ ሰዓት፣ አንዴ ሌሊት ወይም በዕረፍት ቀናቸው። ሳዑዲ ዓረቢያና ቱርክ ከእኛ ጋር እኩል ሰዓት ናቸው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት፣ ሕንድ በሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድሙናል። የድንገተኛ ክፍሉ ስልክ ሌሊት ካልተነሳ ለእናንተ ያ ሆስፒታል ሌሊት የለም።

*መልሱን እንዴት ትመዝናላችሁ?* «ሁሉም ነገር አለ፣ አታስቡ፣ ብቻ ኑ» የሚል መልስ ዜሮ ነው። «ምልክት ያለበትን አንቀበልም፣ ወደ እገሌ ሆስፒታል እንልካለን፣ ቅድመ ክፍያው ይህን ያህል ነው» የሚለው ደስ ባይልም ዋጋ አለው፤ ቀጥሎ የምትደውሉት ወደዚያ «እገሌ» ነውና። ድክመቱን በግልጽ የሚነግራችሁን ሆስፒታል አክብሩት።

*ችግር ከገጠመ፦* ማዞሪያው ካላገናኛችሁ «የውጭ አገር ሕሙማን ክፍል» ብላችሁ ጠይቁ። በኢሜይል ከጻፋችሁ ሦስት የሥራ ቀን ጠብቁ፤ መልስ ከሌለ ስሙን ሰርዙና ሌላ ፈልጉ። መልሱ ሁልጊዜ በደላላ በኩል ብቻ የሚመጣ ከሆነ ቁጥሩን ራሳችሁ ከሆስፒታሉ ገጽ ወስዳችሁ ደውሉ።

ደረጃ 5፦ ኢንሹራንሱን ከመጨረሻው ገጽ አንብቡ

ውሉ የማይሸፍናቸው ነገሮች የሚዘረዘሩት አብዛኛውን ጊዜ ወደ መጨረሻው ነው። አራት ነገር ፈልጉ፦ ወረርሽኝ፣ ቀድሞ የነበረ ሕመም፣ ለይቶ ማቆያ፣ የጉዞ ማስጠንቀቂያ የወጣበት አገር። የስኳር ሕመምተኛውን «ቀድሞ የነበረ ሕመም» በሚል የሚያስቀር ውል በወረቀት አለ፣ በተግባር የለም። ሕክምናን የሚሸፍን ውል በሆቴል ለሁለት ሳምንት ብትታገዱ የሚወጣውን ወጪ ላይሸፍን ይችላል፤ ለይታችሁ ጠይቁ። አስከሬን ወደ አገር የመመለስ ወጪንም ጠይቁ፤ መናገሩ ከባድ ነው፣ ግን ቤተሰብ ለለቅሶ ተቀምጦ መዋጮ ሲሰበስብ ከማየት ይሻላል።

ለአውሮፓ የሸንገን ቪዛ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ሽፋን 30,000 ዩሮ ነው። ቪዛው ለማይጠይቅባቸው አገሮችም ይህን እንደ መነሻ ያዙት። ለሕክምና የምትወስዱትን የውጭ ምንዛሪ በተመለከተ ደግሞ የሚፈቀደውን መጠንና የሚጠየቀውን ማስረጃ ከባንካችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 6፦ ወረቀታችሁን ለውጭ ሐኪም በሚገባ መልክ አዘጋጁ

የእኛ ሰው በብዛት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

*ዘመን አቆጣጠር።* ካርዳችሁ ላይ 12/3/2017 ተብሎ የተጻፈው ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ኖቬምበር 21 ቀን 2024። የውጭ ሐኪም ግን የ2017 የቆየ ውጤት ነው ብሎ ወደ ጎን ይተወዋል። የሕክምና ማስረጃችሁ በሙሉ በፈረንጅ ቀን፣ ወሩ በፊደል ተጽፎ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

*ሰዓት።* ይህ ሕይወት ይነካል። «ኢንሱሊን ጠዋት 1 ሰዓት» የሚለው ለውጭ ነርስ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው። መድኃኒቱን «ከቁርስ በፊት»፣ «ከእራት በፊት» ብላችሁ አስጽፉ፤ ሰዓት ካስፈለገ በእነሱ አቆጣጠር ይሁን።

*ስም።* በካርዱ፣ በክትባት ወረቀቱና በኢንሹራንሱ ላይ ያለው ስም ፊደል በፊደል ከፓስፖርቱ ጋር ይመሳሰል። ሙሐመድ፣ ኢብራሂም፣ ዘይነባ የመሳሰሉት ስሞች በላቲን ፊደል በብዙ መልክ ይጻፋሉ፤ አንድ ፊደል ስታንስ ኢንሹራንሱ ሌላ ሰው ነው ሊል ይችላል። ማስረጃ የሚጽፍላችሁ ሰው ፊት ፓስፖርቱን ክፈቱለት።

*መድኃኒት።* ትራማዶል፣ ኮዴይንና ፕሪጋባሊን በሳዑዲም በኤምሬትስም ጥብቅ ቁጥጥር ያለባቸው ናቸው። ያለ ሐኪም ማዘዣና ያለ ፈቃድ ይዞ መግባት እስከ እስር ያደርሳል። መድኃኒታችሁን ከነማሸጊያው፣ ከማዘዣው ጋር፣ ከጉዞው ቀናት በላይ በሚበቃ መጠን በእጅ ሻንጣ ያዙ።

*ክትባት።* የቢጫ ወባ ምስክር ወረቀት መሥራት የሚጀምረው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ሕንድ ከኢትዮጵያ ሄዶ ይህን ያልያዘን መንገደኛ እስከ 6 ቀን ለይታ ልታቆይ ትችላለች። ለሐጅና ለዑምራ የሚጠየቀው የማጅራት ገትር ክትባትም ከመድረሳችሁ ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። የወረርሽኙ ክትባት ካለ በእነዚህ ላይ ይጨመራል።

ደረጃ 7፦ ከበረራው ወደ ኋላ ቁጠሩ

መዳረሻው ከ72 ሰዓት ያልበለጠው የምርመራ ውጤት ከጠየቀ መጀመሪያ አንድ ነገር አጣሩ፦ ሰዓቱ የሚቆጠረው ናሙና ከተሰጠበት ነው ወይስ ውጤት ከወጣበት? ከናሙናው ከሆነ፣ ደሴ ላይ ናሙና ሰጥቶ ውጤት መጠበቅና ወደ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር በመኪና መውረድ አብዛኛውን ጊዜ ይበላዋል። በክረምት ሐረጎና ጣርማ በር በጉም ይሸፈናሉ፤ የኮምቦልቻ በረራም በአየር ሁኔታ ሊሰረዝ ይችላል፤ መንገድም በሌላ ምክንያት ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ናሙናውን አዲስ አበባ ስጡ፤ ከበረራው ቢያንስ ሦስት ቀን ቀድማችሁ ግቡ። ቤተ ሙከራው በመዳረሻው አገር ተቀባይነት ያለው መሆኑን ከአየር መንገዱ አረጋግጡ።

*ችግር ከገጠመ፦* ውጤቱ በሽታው አለባችሁ ካለ ሌላ ቤተ ሙከራ እየዞራችሁ «ነፃ» የሚል ወረቀት አትፈልጉ። በረራውን አራዝሙ። ለዚህ ሲባል መጀመሪያውኑ ቀኑ የሚቀየርበት ትኬት ግዙ።

ደረጃ 8፦ ወስኑ

ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ከታየ ጉዞውን አዘግዩ፦

- ከሁለቱ ሆስፒታሎች አንዱም ግልጽ መልስ ካልሰጣችሁ።
- ሐኪማችሁ ከፍተኛ ሥጋት አለባችሁ ካለና ኢንሹራንሱ ያንኑ ሕመም ካስቀረ።
- የከተማው ገቢ ሕሙማን ቁጥር በተከታታይ ሳምንታት እየጨመረ ከሆነ።
- ድንበር ቢዘጋ ለአንድ ወር የሚያቆይ ገንዘብ ወይም የሚያስጠጋ ዘመድ ከሌለ።

እዚህ የማይገኝና የማይዘገይ ሕክምና ፍለጋ የሚሄድ ሰው ሁኔታው ይለያል፤ መቅረቱም አደጋ ነው። ውሳኔውን ከሐኪሙ ጋር ያድርግ፤ ሁለተኛ አገር እንደ መጠባበቂያ ይያዝ። ለሌላው ሁሉ፦ ቀብድ ተከፍሏል፣ ዘመድ ተሰናብቷል ማለት ለመሄድ ምክንያት አይሆንም። «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ የታመመ አባት ይዞ የሚሄድ ልጅ አይቻለሁ፤ ልቤን ያደማኛል።

እዚያ ሆናችሁ ከታመማችሁ

1. ምልክት በታየ ቀን ኦክስጅናችሁን ለኩ፤ በየጥቂት ሰዓቱ ደጋግሙ። በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ባለ ከተማ ንባቡ ከ94 በታች ከሆነ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ከ90 በታች ከሆነ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከተጨነቀ፣ ሰውየው ግራ ከተጋባ ወዲያውኑ አምቡላንስ ጥሩ።
2. የአምቡላንስ ቁጥሮች፦ ሳዑዲ 997 (የጤና ምክር 937)፣ ኤምሬትስ 998፣ ሕንድ 108 ወይም 112፣ ቱርክ 112፣ ታይላንድ 1669። ከመነሳታችሁ በፊት በወረቀት ጽፋችሁ ከፓስፖርቱ ጋር አድርጉ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ባትሪ ያልቃል።
3. አምቡላንስ ስትጠሩ በዚያው ሰዓት ኢንሹራንሱ ጋም ደውሉ። ሳያውቁ የጀመራችሁትን ሕክምና አንከፍልም የሚሉ አሉ። የክፍያ ዋስትና ደብዳቤ ለሆስፒታሉ እንዲልኩ ጠይቁ፤ የመዝገብ ቁጥሩን ጻፉ።
4. ሆስፒታሉ ካልተቀበላችሁ «የት ልሂድ?» ብላችሁ የሆስፒታሉን ስም አስጽፉ። ከዚያ በደብተራችሁ ላይ ወዳለው ሁለተኛው ሆስፒታል ሂዱ።
5. ኤምባሲውን ወይም ቆንስላውን አሳውቁ። ሂሳብ አይከፍሉላችሁም፤ ግን ፓስፖርት ሲያዝ፣ አሠሪ ሲከለክልና ቤተሰብ ሲጠፋ መፈለጊያው እዚያ ነው።
6. ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያለ አንድ ሰው ብቻ መረጃ ተቀባይ አድርጉ። የደብተሩ፣ የፓስፖርቱና የኢንሹራንሱ ፎቶ እሱ ዘንድ ይሁን። ለሁሉም ዘመድ የሚናገረው እሱ ነው፤ ሆስፒታሉም የሚያውቀው እሱን።

ከሆስፒታል ስትወጡ የሕክምና ማጠቃለያውን በእንግሊዝኛ፣ የራጅና የላቦራቶሪ ውጤቱን፣ የተከፈለበትን ደረሰኝ ሳትቀበሉ በሩን አትለፉ። ኢንሹራንሱ ገንዘብ የሚመልሰው በእነዚህ ነው፤ ደሴ የሚከታተላችሁ ሐኪምም ሕክምናውን ካቆመበት የሚቀጥለው በእነዚህ ነው።